የዕውቀት ግምጃ ቤት የሆነው ገነተ ልዑል

በአዊ ምድር፣ በአንከሻ ወረዳ፣ ግምጃ ቤት የምትባል ከተማ አለች። በዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው ስሟን ዕለት ዕለት ሲጠራ ስለሚኖር የቃሉን ፍች አያስበው ይሆናል፤ ቃሉ ግን የከበረ ቃል ነው። ግምጃ ማለት ነገሥታትና መኳንንት ይለብሱት የነበረ፣ ለቤተ ክርስቲያንም መጋረጃና ልብሰ ተክህኖ የሚሆን የተመረጠ የሐር ልብስ ነው። እንዲህ ያለው ልብስ ተጣጥፎ የሚቀመጥበት ቤት ግምጃ ቤት ተባለ፤ ከዚያም ወዲህ ስሙ እየሰፋ ሄዶ ወርቁም ብሩም፣ ጋሻውም ጦሩም፣ መጽሐፉም ጭምር የሚጠበቅበት የመንግሥት ሀብት ማኖሪያ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። በጐንደር ከነገሥታቱ ግንብ አጠገብ፣ በአዲስ አበባም ከታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ ግምጃ ቤት ማርያም የተባሉ አብያተ ክርስቲያናት መኖራቸው ይህ ስም በመንግሥት ዘንድ ምን ያህል የከበረ እንደ ነበረ ያሳያል።

ግምጃ ቤት ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ አንደኛው የሚጠበቅ ሀብት ነው፤ ሁለተኛውም የሚጠብቅ ሰው ነው። ሀብት ኖሮ ጠባቂ ከሌለ ብልና ምስጥ ይበላዋል፣ ሌባም ይወስደዋል። ጠባቂ ኖሮ ሀብት ከሌለ ደግሞ ዘበኛው የሚጠብቀው ባዶ ግድግዳ ነው። ስለዚህ የቀድሞ ነገሥታት የግምጃ ቤቱን አዛዥ በጅሮንድ ብለው ሲሾሙ ታማኝነቱን አስቀድመው ይመረምሩ ነበረ። በጅሮንዱም በእጁ ያለውን ዕቃ በመዝገብ ቈጥሮ ይረከባል፤ በተጠየቀም ጊዜ ቈጥሮ ያስረክባል።

በኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬ ይህ ስም ከሚገባቸው ቤቶች አንዱ በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ የሚገኘው ገነተ ልዑል ነው። ይህ ቤት አስቀድሞ ቤተ መንግሥት ነበረ፤ በኋላም የዩኒቨርሲቲ ቤት ሆነ። ከአዊም ሆነ ከሌላው አውራጃ ለትምህርት ወደ ስድስት ኪሎ የወጣ ወጣት ሁሉ በበሩ አልፏል፤ ነገር ግን በዚያ ግቢ ምን እንደ ተደረገ፣ ቤቱስ ከንጉሥ እጅ ወደ ተማሪ እጅ እንዴት እንደ ተላለፈ ጠንቅቆ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የቤቱን ታሪክ ከመጀመሪያው አንሥቶ መመልከት ለሁሉም ይበጃል።

ገነተ ልዑል ማለት የልዑል ገነት ማለት ነው። ቤቱን ያሠሩት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲሆኑ ሥራው የተሠራው በ1920ዎቹ ዓመታት ነበረ። ያ ዘመን የኢትዮጵያ መንግሥት ከውጭ መንግሥታት ጋር በእኩልነት ለመቆም ብዙ የደከመበት ዘመን ነው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ገባች፤ ንጉሠ ነገሥቱም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የአያሌ መንግሥታት እንግዶች በተገኙበት ዘውድ ጫኑ። በዚያው ዘመን የተሠራው ይህ ባለ ፎቅ ቤት በአውሮፓ የቤት አሠራር የታነጸ ነው። የውጭ አገር መልእክተኛ ወደ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ኢትዮጵያ ከዘመኑ ጋር የምትራመድ አገር መሆኗን በዓይኑ እንዲመለከት ታስቦ የተሠራ ቤት ነበረ ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ነገር ግን ቤቱ በባለቤቱ እጅ ብዙ ዘመን ሳይቈይ ጠላት መጣ። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የጠላት እንደራሴ የሆነው ማርሻል ሩዶልፎ ግራዚያኒ ገነተ ልዑልን የራሱ መቀመጫ አደረገው። ከቤቱም ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ፣ ወደ ሰማይ እየተጠመዘዘ የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ ተተከለ። የእያንዳንዱ እርከን ትርጓሜ ሙሶሊኒ በሮማ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ የተቈጠረ አንድ የፋሺስት ዓመት ነው ተባለ። ገዥዎቹ በየዓመቱ እርከን እየጨመሩ ለዘላለም የሚወጡ መስሏቸው ነበረ። ከነጻነት በኋላ ግን ደረጃው ሳይፈርስ ቀረ፤ በጫፉም ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀመጠበት። ዛሬም በግቢው ቆሞ ይታያል። የጠላትን ሥራ አፍርሶ ከመጣል ይልቅ አንበሳ አስቀምጦ ለትውልድ ምስክር እንዲሆን ማድረግ ብልህነት ነበረ፤ ድንጋዩን ያየ ልጅ ማን እንደ ሠራውና ማን እንዳሸነፈው መጠየቁ አይቀርምና።

በዚህ ግቢ ከተደረገው ሁሉ የከፋው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የተደረገው ነው። በዚያ ቀን ግራዚያኒ የኢጣልያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ በመውለዱ ምክንያት ለድኾች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን በገነተ ልዑል ግቢ ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ሁለት የኤርትራ ተወላጆች የእጅ ቦምብ ወርውረው ግራዚያኒን ከባለሥልጣኖቹ ጋር አቈሰሉት። ወዲያውም የጠላት ወታደሮች በግቢው ውስጥ ምጽዋት ሊቀበል በመጣው ድኻ ላይ ተኰሱ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን በከተማው ሁሉ እሳትና ጥይት፣ አካፋና ጩቤ ሠለጠነ፤ ሰው ከነቤቱ ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት ያለቀውን ሕዝብ 30 ሺህ ብሎ ቈጥሮታል፤ በቅርብ ዘመን ነገሩን በሰፊው የመረመረው እንግሊዛዊው ኢያን ካምቤል ደግሞ ቍጥሩን ወደ 19 ሺህ አድርሶታል። በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት የተፈጁት ለዚሁ ነገር በቀል ተብሎ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ግራዚያኒ ከየካቲት 12 በኋላ ከሁሉ አስቀድሞ ካሳደዳቸው መካከል የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝ፣ በግብጽና በአሜሪካ ተምረው የተመለሱት፣ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶችም የውጭ ቋንቋ ያወቁት እየተለቀሙ ተረሸኑ። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ከነዚህ መካከል ናቸው። አገሪቱ በብዙ ድካምና በብዙ ወጪ፣ ጥቂት ጥቂቱን እያለች ያፈራችው የመጀመሪያው የተማረ ትውልድ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጠፋ። ጠላት ይህን ያደረገው ሳያውቅ አልነበረም፤ የተማረ ሰው ያላት አገር ለረጅም ጊዜ እንደማትገዛ ተረድቶታልና። እንግዲህ የተማረውን ሁሉ ጨርሱ የሚለው ትእዛዝ የወጣው ከዚህ ቤት ጌታ ነው። ይህ ቤት በኋላ ዘመን ለትምህርት መዋሉ እንደ ካሣ የሚቈጠረው ስለዚህ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ገነተ ልዑልም እንደገና መኖሪያቸው ሆነ። ከቤቱ በር ፊት ለፊት፣ በስድስት ኪሎ አደባባይ፣ ለየካቲት 12 ሰማዕታት የመታሰቢያ ሐውልት ቆመ። በሐውልቱ ዙሪያ በቅርጽ የተሠራው ሥዕል የግፉን ታሪክ አንድ በአንድ ያሳያል፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ አይቶ ይረዳዋል። በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን ሕዝብ በዚያ ተሰብስቦ የአበባ ጕንጕን ያኖራል።

የጠፋውን የተማረ ትውልድ ለመተካት መንግሥት ትምህርት ቤት በመክፈት ብዙ ደከመ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር ጀመረ፤ የመጀመሪያው አስተዳዳሪውም ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ከዚያ በፊት ከፍተኛ ትምህርት የፈለገ ኢትዮጵያዊ ባሕር ተሻግሮ መሄድ ግድ ይሆንበት ነበረ። ቀጥሎም የምሕንድስና ኮሌጅ በአዲስ አበባ፣ የእርሻ ኮሌጅ በዓለማያ፣ የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በጐንደር ተከፈቱ። ሆኖም እነዚህ ሁሉ በየራሳቸው የቆሙ ነበሩ፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚጠቃለሉበት፣ ለዚያም የሚበቃ ሰፊ ግቢና የከበረ ቤት ገና አልተገኘም ነበረ።

ቤቱ የተገኘው ማንም ባላሰበው መንገድ፣ በሌላ የደም ቀን ምክንያት ነው። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል አገር ለጕብኝት ሳሉ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመለወጥ ተነሡ። የመንግሥት ሹማምንትና መሳፍንት ተይዘው በገነተ ልዑል ውስጥ አረንጓዴ ሳሎን በሚባለው ክፍል እንዲቀመጡ ተደረገ። ጦር ሠራዊቱ ወደ ግቢው በተጠጋ ጊዜ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን፣ በዚያ ሳሎን ውስጥ በታሰሩት ላይ መትረየስ ተተኰሰባቸው። ከ10 በላይ የሆኑ ታላላቅ ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ሞቱ። አምስቱን ዓመት በዱር በገደል ከጠላት ጋር የተዋጉት ራስ አበበ አረጋይ፣ የትግራዩ ልዑል ራስ ሥዩም መንገሻ፣ አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ፣ ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊና አባ ሐና ጅማ ከሞቱት መካከል ነበሩ። ከገዳዮቹም ወገን ብዙው በየመንገዱ ወደቀ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ለለውጡ ድጋፋቸውን ለመግለጽ በዚያው ሳምንት ሰልፍ ወጥተው ነበረና፣ የተማረው ወገንና ዙፋኑ ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው በአንድ ዓይን የሚተያዩ አልሆኑም።

ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ዙፋናቸውን ካጸኑ በኋላ በገነተ ልዑል መኖር አልቀጠሉም። በ1948 ዓ.ም. በዘመነ መንግሥታቸው 25ኛ ዓመት በዓል መታሰቢያነት ወደ ተሠራው ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተዛወሩ። ገነተ ልዑልን ከነግቢው ለትምህርት ሰጡ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ግቢ ተመረቀ። በአረንጓዴው ሳሎን ሰው ከተገደለ የተቈጠረው አንድ ዓመት ከሁለት ቀን ብቻ ነው። ተበታትነው የነበሩት ኮሌጆች በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተጠቃለሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ሆኑ። ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ነበሩ።

ደም የፈሰሰበትን ቤት ባለቤቱ ሦስት ነገር ሊያደርገው ይችላል። ዘግቶ እንዲረሳ ይተወዋል፤ ወይም አፍርሶ ሌላ ይሠራበታል፤ ወይም ለሌላ በጎ ሥራ ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ፍርሃት ነው፤ ሁለተኛው ታሪክን መሰረዝ ነው፤ ሦስተኛው ግን ለትውልድ የሚበጅ ነው። ስጦታው ለመንግሥት መልካም ስም እንዲያተርፍ ታስቦበት ነበረ የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እንደዚያም ቢሆን የስጦታው ጥቅም ከሰጪው አሳብ ይበልጣል፤ ሰጪው ቢያልፍ ስጦታው አላለፈምና።

በሌላውም ዓለም እንደዚህ ያለ ነገር ሆኗል። በፖርቱጋል የኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በቀድሞ የነገሥታት ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፤ ትምህርቱ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1537 ወደዚያ ገብቶ ዛሬም በዚያው አለ። በጀርመን አገር ደግሞ በ1818 የተመሠረተው የቦን ዩኒቨርሲቲ ዋና ቤቱ የአገሩ መራጭ መሳፍንት ይኖሩበት የነበረው ቤተ መንግሥት ነው። በነዚህ አገሮች የመሳፍንቱን ስም የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ በቤታቸው የተማረው ሰው ግን በየትውልዱ እልፍ ነው።

የገነተ ልዑል ዋናው ሕንፃ የግምጃ ቤትነት ማዕርግ ያገኘው በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በውስጡ ሲመሠረት ነው። የተቋሙ የመጀመሪያ ዲሬክተር ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። እናታቸው ሲልቪያ ፓንክረስት በወረራው ዘመን በለንደን ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ነጻነት በጋዜጣ የተከራከሩ ሴት ናቸው። የመጻሕፍት ቤቱንና የሙዚየሙን ሥራ ያደራጁት ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ነበሩ። ከየአገሩ የብራና መጻሕፍት፣ የቅዱሳን ሥዕሎች፣ መስቀሎች፣ የዜማ መሣሪያዎች፣ የእርሻና የሽመና ዕቃዎች፣ አልባሳትና ጌጣጌጦች እየተሰበሰቡ ገቡ። ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈ መጽሐፍ በማናቸውም ቋንቋ ቢሆን እንዲከማች ተደረገ። በ1958 ዓ.ም. ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ በአዲስ አበባ በተደረገ ጊዜ፣ ስለ ኢትዮጵያ ለማወቅ የፈለገ የውጭ አገር ሊቅ ሁሉ ወደ ሮማና ወደ ለንደን ብቻ ሳይሆን ወደ ስድስት ኪሎም መምጣት እንዳለበት ታወቀ።

ሙዚየሙ የንጉሠ ነገሥቱንና የእቴጌ መነንን መኝታ ክፍሎች እንደ ነበሩ አቆይቷል። ጐብኚው አንዱን በር አልፎ የንጉሥ አልጋ ያያል፤ ሌላውን በር አልፎ የገበሬ ሞፈርና ቀንበር፣ የእረኛ ዋሽንት፣ የሴት ልጅ ጌጥ፣ የሕፃን ማዘያ አንቀልባ ያያል። በአንድ ጣራ ሥር ንጉሡም ድኻውም የታሪክ ባለቤቶች ሆነው ይታያሉ። በቀድሞው ሥርዓት የገበሬው ሞፈር በቤተ መንግሥቱ ደጅ እንኳ ባልቆመ ነበረ፤ በዕውቀት ግምጃ ቤት ግን ሞፈሩም እንደ ዘውዱ በመዝገብ ቍጥር ተሰጥቶት ይጠበቃል።

ቤቱ ለትምህርት ተሰጠ ማለት ሰላም አገኘ ማለት አይደለም። ተማሪዎቹ ባነበቡ ቍጥር የአገራቸውን ችግር መረመሩ፤ በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ብለው አደባባይ ወጡ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ከግቢው ሳይርቅ በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ ተማሪዎቹ አስከሬኑን በግቢው ውስጥ ይዘው ሳሉ የክቡር ዘበኛ ወታደሮች ገብተው ተኰሱባቸው፤ ሌሎችም ሞቱ። በመስከረም ወር 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ ዩኒቨርሲቲውም ስሙ ተለውጦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የስሙ መለወጥ ግን መጻሕፍቱን አልበተነም፤ የመንግሥቱም መለወጥ ሙዚየሙን አላፈረሰም። ሦስት ሥርዓት ሲለዋወጥ በመዝገብ ላይ የተጻፈው ዕቃ በመዝገቡ የቈየው፣ በደመወዝ ማነስና በዘመን ክፋት ሳይሸነፉ ቍልፉን የጠበቁ ስማቸው ያልተነገረ ሠራተኞች ስለ ነበሩ ነው። የበጅሮንድነትን ማዕርግ ያለ ሹመት የፈጸሙ እነዚህ ናቸው።

ይህ ታሪክ ከአዲስ አበባ ርቃ ለምትኖረው ለግምጃ ቤት ከተማና ለአዊ ሕዝብ ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ቢነሣ መልሱ ቅርብ ነው። በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ለአዊ ልጆች ከደጃቸው ሳይርቁ የሚማሩበት በር ሆኗል። ይህ ዩኒቨርሲቲ ከንጉሥ የተረከበው አሮጌ ቤት የለውም፤ ቤቶቹ ሁሉ አዲስ ናቸው። አዲስ ቤት ታሪክ ይዞ አይወለድም፤ ታሪክ የሚገባበት የሰበሰቡለትን ያህል ነው። የአዊም ምድር የሚሰበሰብ ሀብት አላነሰውም። በቀርከሃና በእንጨት የሚሠራው ጥንታዊ ቤት፣ ከቀርከሃ የሚወጣው የእጅ ሥራ፣ የአውንጊ ቋንቋ ተረትና ምሳሌ፣ በየአጥቢያው ዕቃ ቤት ያሉት የብራና መጻሕፍት፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውና በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የዓድዋን ድል በፈረስ ጕግሥ የሚያስበው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ የፈረሱም ዕቃ ሁሉ፣ እያንዳንዱ ግምጃ ቤት የሚፈልግ ሀብት ነው።

ነገር ግን በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል እንደተባለው፣ ባለቤቱ ዕለት ዕለት የሚያየውን ነገር ዋጋ አይሰጠውም። አያቱ የተቀመጡበትን ኮርቻ ልጁ ሊቀድደው ይችላል፤ ከአባቶች የወረደውን ብራና መንገደኛ ነጋዴ በጥቂት ገንዘብ ሊገዛው ይችላል፤ የቀድሞ ባላባት ቤት ጣራው ካፈሰሰ በኋላ ድንጋዩ ለአጥር ይወሰዳል። የድንጋይ ግንብ ባለበት አገር ግድግዳው ራሱ ይናገራል። ቤቱ ከቀርከሃና ከጭቃ በሆነበት አገር ግን ቤቱ ከፈረሰ ዘንድ አሻራውም አይገኝም፤ ስለዚህ በመዝገብ፣ በፎቶግራፍና በድምፅ መቅጃ ካልተያዘ ሁለት ትውልድ ሳይሞላ ይጠፋል።

ሥራው ታላቅ ገንዘብ ሳይጠበቅ ሊጀመር ይችላል። አንደኛ፣ በየአጥቢያው ያለው የብራና መጽሐፍ ከቦታው ሳይነሣ ዝርዝሩ ይጻፍ፤ ፎቶግራፉም ይነሣ። ይህ ሊደረግ መቻሉ ተፈትኖ ታይቷል፤ ከ1960ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ጀምሮ ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአዲስ አበባና በአሜሪካ ተቀምጧል። መጽሐፉ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ቃሉ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በሕይወት ሳሉ የሚያውቁትን በአውንጊም በአማርኛም እንዲናገሩ ተደርጎ ድምፃቸው ይቀዳ፤ ሽማግሌ ሲሞት የማይተካ መጽሐፍ አብሮ ይቀበራልና። ሦስተኛ፣ በየከተማው ያለ አሮጌ ቤት ማን እንዳሠራው፣ በየትኛው ዘመን እንደ ተሠራ፣ ምን እንደ ተደረገበት ከመፍረሱ በፊት ይመዝገብ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው ሊጠብቀው እንደሚገባ ደንግጓል፤ ሕግ ግን በየመንደሩ ዘብ ሊቆም አይችልም፤ ዘብ የሚሆነው የአገሩ ሰው ራሱ ነው።

ለዚህ ሥራ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ የወረዳ ሹማምንት፣ ካህናት፣ የፈረሰኞች ማኅበር አባቶችና ነጋዴዎች ሁሉ ድርሻ አላቸው። መምህሩ መዝገቡን ይጽፋል፤ ተማሪው በዕረፍት ጊዜው ወደ መንደሩ ሲመለስ አያቱን ይጠይቃል፤ ካህኑ የዕቃ ቤቱን ቍልፍ በሁለት ሰው እጅ ያደርጋል፤ ባለጸጋው ከቤቱ አንዱን ክፍል ለመጻሕፍት ይሰጣል። ገነተ ልዑልን ለትምህርት የሰጠ ንጉሥ ነበረ፤ አንዲት ክፍል ለመስጠት ግን ንጉሥ መሆን አያስፈልግም። በግምጃ ቤት ከተማ በአንድ ጥግ የተከፈተች ትንሽ የመጻሕፍት ክፍል፣ ጠባቂና መዝገብ ካላት፣ የከተማይቱን ስም በእውነት የምታስጠራ ትሆናለች።

ገነተ ልዑል በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የንጉሥ መኖሪያ፣ የጠላት ምሽግ፣ የሰማዕታት ደም የፈሰሰበት ግቢ፣ የሹማምንት እስር ቤትና የተማሪ ቤት ሆነ። ከአምስቱ ሁሉ ረጅሙን ዘመን የያዘው የመጨረሻው ነው። ግራዚያኒ የተማረውን ሊያጠፋ የተነሣበት ቤት ከስልሳ ዓመት በላይ የተማረ ሲያወጣ ኖሯል። ያለቁት ወጣቶች መቃብራቸው እንኳ የት እንደ ሆነ ባይታወቅ፣ መጻሕፍት የተሞላው ይህ ቤት መታሰቢያቸው ነው። በግምጃ ቤት፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በየትም አገር የሚኖር ሰው በእጁ ያለውን ጥቂት ሀብት በመዝገብ ጽፎ ቢጠብቅ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣው ልጅ ቈጥሮ የሚረከበው ነገር ያገኛል። የግምጃ ቤት ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ ይህ ነው፤ የዛሬው ቈጥሮ ያስረክባል፣ የነገው ቈጥሮ ይረከባል።